በሳቅ የቀረበ አቤቱታ፦ ስላቅ ከቢቸናና ሞጣ ቅኔ ቤቶች እስከ ልብ ወለድ መጻሕፍት

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ግራና ቀኙን በጤፍና በስንዴ ማሳ የታጀበ ነው። በማሳዎቹ መካከል ዕድሜ ጠገብ አድባራትና ገዳማት፣ በአድባራቱም ጥግ የቅኔ ጉባኤያት ይገኛሉ። አራሽና ባለቅኔ በአንድ ቀዬ የሚኖሩበት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቤት የሚወጡበት አገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ስለ ግብርና ለመዘገብ በየቀበሌው ሲዘዋወር ደጋግሞ ያስተዋለው ነገር አለ። በስብሰባ ላይ ቅሬታ እንዳለው የተጠየቀ አርሶ አደር አንገቱን ደፍቶ «ምንም አይልም» ብሎ ይቀመጣል። ስብሰባው ተበትኖ ሰው ወደየቤቱ ማዝገም ሲጀምር ግን ያንኑ ቅሬታ በአንዲት አሽሙር ለጎረቤቱ ያቀብለዋል። ጎረቤቱ ይስቃል። አሽሙሩ የተነገረበት ሰው በአጠገባቸው ቢያልፍ እንኳ ይዞ የሚከስስበት ቃል አያገኝም።

በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል የቆየ ብሂል አለ። ባለሥልጣንን ከስሶ የሚያቆሙበት ችሎት በጠፋበት ዘመን ሕዝቡ ሌላ ችሎት አበጅቷል፤ ችሎቱም ሳቅ ነው። አዝማሪው በመሰንቆው፣ ደቦ የወጣው ገበሬ በዜማው፣ ባለቅኔው በሰምና ወርቁ፣ ደራሲውም በልብ ወለዱ ለዚህ ችሎት አቤቱታቸውን ሲያቀርቡ ኖረዋል። የአቤቱታቸው መልክ ስላቅ ይባላል። ለመሆኑ ስላቅ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል? የምሥራቅ ጎጃም ምድርና ከዚሁ አካባቢ የወጡ ጸሐፍት በዚህ ረገድ ምን ሠሩ? ሰሚ ሲያጣስ ምን ይከተላል?

ቀልድ፣ አሽሙር፣ ምጸትና ስላቅ

እነዚህ ቃላት በዕለት ንግግራችን እየተቀያየሩ ያገለግላሉ። ነገር ግን ለየብቻ ማየቱ ይጠቅማል።

ቀልድ ዓላማው ማሳቅ ነው። ከፎገራዋ ናበጋ የተገኙት ታላቁ የዜማ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ስማቸው ከቀልድ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በሕዝቡ አፍ ከሚነገሩት ጨዋታዎች በአንደኛው አለቃ አህያ የሚነዳ መንገደኛ ያገኙና «እንደምን አደራችሁ» ይሉታል። መንገደኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ብቻውን እንደነበረ፣ ሰላምታው ግን ለብዙ ሰው እንደተሰጠ የሚያስተውለው ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው። ለካ የአህያዋንም ጭምር መልሶላታል! ጨዋታው ብልሃት የተሞላበት ነው፤ ሆኖም በመንገደኛው ላይ የሚታረም ጥፋት የለም። ስለዚህ ቀልድ ነው እንጂ ስላቅ አይባልም።

አሽሙር በአንድ ሰው ላይ በጎን የሚወረወር ነገር ነው። ተናጋሪው ስም አይጠራም፤ የተነካው ሰው ግን ራሱን ያውቃል። ምጸት ደግሞ የታሰበውን በተቃራኒው መናገር ነው። ሐምሌ ተጋምሶ ማሳው ገና ያልታረሰን ሰው «ዘንድሮስ ቀደምኸን» ማለት ምጸት ነው።

ስላቅ እነዚህን ሁሉ መሣሪያ አድርጎ ይጠቀማል። የሚለየው በዒላማው ነው። ስላቅ የአንድን ሰው አፍንጫ ወይም አካሄድ ለማሾፊያ አይፈልግም፤ የሚያነጣጥረው ብዙዎችን በሚጎዳ ብልሹ አሠራር፣ ጊዜ ባለፈበት ልማድ ወይም ልኩን ባለፈ ሥልጣን ላይ ነው። ከስድብም የሚለየው በዚሁ ነው። ስድብ የተናጋሪውን ንዴት ብቻ ያሳያል። ስላቅ ግን ጥፋቱን አንሥቶ ለሰሚው ያሳያል፤ ከሳቁም በስተጀርባ «ይህ ነገር መስተካከል ነበረበት» የሚል ቁጭት ይኖረዋል።

ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ

የአገራችን ስላቅ ዋነኛ ማደሪያ ሰምና ወርቅ ነው። ስያሜው ከአንጥረኞች ሙያ የመጣ ነው። አንጥረኛ የሚፈልገውን ጌጥ በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ በሸክላ አፈር ይለብጠዋል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈሳል። በቅኔም ሰሚው ፊት ለፊት የሚያገኘው ትርጉም ሰም ነው። አእምሮው ሲሞቅና ሲመራመር ግን ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይገለጣል።

ለማሳያ እንዲሆን የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚከተለውን ሁለት ስንኝ ገጥሟል። በማንም ላይ ያላነጣጠረ የትምህርት ምሳሌ ነው።

ማዳበሪያ ብዬ ደጅ ብጠና ሰኔን፣
ሹሙ ይዞት መጣ ኅዳር ሲያይ እህሌን።

ሰሙ ስለ ግብዓት መዘግየት ይናገራል። ገበሬው በዘር ወቅት በሰኔ ማዳበሪያ ለመነ፤ የመጣለት ግን እህሉ ከደረሰ በኋላ በኅዳር ነው። ይህ በራሱ ቅሬታ ነው። ኅብረ ቃሉ ግን «ማዳበሪያ» የሚለው ነው። በገጠራችን ማዳበሪያ ማለት ለአፈር የሚጨመረው ግብዓት ብቻ ሳይሆን እህል የሚያዝበት ከረጢትም ነው። ወርቁ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሹሙ በኅዳር ይዞት የመጣው ባዶ ከረጢት ነው፤ የመጣውም እህሉን አይቶ ከምርቱ ሊያስሰፍር ነው።

ከዚህ ትንሽ ምሳሌ የሰምና ወርቅ ስላቅ ሦስት ጥቅሞች ይታያሉ። የመጀመሪያው ከለላ ነው። ተናጋሪው ቢጠየቅ «እኔ የተናገርኩት ስለ ግብዓት መዘግየት ነው» ይላል። ከሳሹ ሊከስሰው ቢፈልግ ወርቁን ራሱ ፈትቶ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ጉቦውን ያነሣው ከሳሹ ይሆናል። ሁለተኛው ተሳትፎ ነው። ወርቁን ያገኘው ሰሚው ራሱ በመሆኑ ሐሳቡን የራሱ ያደርገዋል። ሦስተኛው ቆይታ ነው። ሁለት ስንኝ ወረቀት አያሻውም፤ ከቢቸና ገበያ ተነሥቶ በሰው አፍ ሞጣ ገበያ ይደርሳል።

ከደጅ የሚታይ አገር

ምሥራቅ ጎጃም ለዚህ ጥበብ መዲና ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው። በቢቸና ዙሪያ በእነማይ ወረዳ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደብረ ወርቅ ማርያም፣ በሌላ አቅጣጫም ደብረ ኤልያስ በአብነት ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረጃጅሞቹ የቅኔ ዓይነቶች ደረጃ በደረጃ ያድጋል። በየዕለቱ አዲስ ቅኔ አውጥቶ በመምህሩ ፊት ይቀኛል። የሌላውን ሰው ቅኔ መድገም ነውር ነው፤ የትናንቱን የራስን ቅኔ ይዞ መቅረብም አያስመሰግንም። መምህሩ ይሰማሉ፤ ያርማሉ፤ ይነቅፋሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ በግእዝ ሆኖ ዋና ተግባሩ ምስጋና ነው። ይሁን እንጂ አንድን ቃል ሁለት ጊዜ የማየት ልምዱ ከጉባኤው አጥር ወጥቶ በአማርኛው ግጥምና በዕለት ንግግሩ ውስጥ ገብቷል።

ከቃል ጨዋታው ባሻገር የተማሪው አኗኗር ራሱ የስላቅ ትምህርት ቤት ነበር። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ባለጸጋውም ድኻውም ቤት ይደርሳል። ከሰፊው አዳራሽ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ከጎጆዋ ግን ግማሽ እንጀራ ሲቀበል አገሩን ከታች ወደ ላይ ማየት ይለምዳል። ይህ ተማሪ በኋላ ብዕር ሲይዝ ስለ መኳንንቱ ደግነት የተነገረውን ሁሉ አምኖ የሚጽፍ አይሆንም።

ከጉባኤው ውጭ ደግሞ አዝማሪው አለ። አዝማሪ በሠርግና በጠጅ ቤት ያሞግሳል፤ በሙገሳው ውስጥ ነቀፌታ ይሸሽጋል። ከታዳሚው «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ስንኝ በዜማ ያደርሳል፤ የነገሩ ባለቤትም ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። የዚህን ዓይነቱን ቃል ኃይል ጠላትም ተረድቶት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገና ጭፍጨፋው ከተፈጸመ በኋላ፣ የፋሺስቱ አስተዳደር እንዲያዙና እንዲገደሉ ካደረጋቸው ሰዎች መካከል በየገበያው የሚዞሩ አዝማሪዎች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና ጠንቋዮች ይገኙበታል። መትረየስና አውሮፕላን የያዘ ሠራዊት መሰንቆ የያዘን ሰው ፈርቶ ነበር ማለት ነው።

ከመሰንቆ ወደ መድረክ

በጽሑፍና በመድረክ የቀረበው ዘመናዊ ስላቅ በአገራችን የሚጀምረው ከአንድ እገዳ ጋር ነው። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ተውኔት ጻፉ። ተውኔቱ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ድራማ ሆኖ ይታወቃል። ደራሲው ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች መነሻ ወስደው እንስሳትን አናገሩ፤ የተናገሩት ግን ስለ ቤተ መንግሥቱ አሠራርና ስለ ሹማምንቱ ብልሹነት ነበር። ታዳሚዎቹ መኳንንት ራሳቸውን በአውሬዎቹ ውስጥ አገኙ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ።

እገዳው አንድ ነገር ያስተምራል። እንስሳትን ማናገር ለጸሐፊው ከለላ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል፤ ሰሚው ወርቁን ለመፍታት በሠለጠነበት አገር ግን ከለላው ቶሎ ይቀልጣል።

በደብረ ኤልያስ የተወለዱትና ቅኔን ጠንቅቀው የተማሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም የቅኔ ቤቱን ልማድ ወደ ተውኔት መድረክ ይዘው ከወጡት ቀደምት ጸሐፍት አንዱ ናቸው። ሌላው የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው «የአበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የሚል ተውኔት ጽፈዋል። በዚህ ርእስ ውስጥ የስላቅ አንድ መሣሪያ ፊት ለፊት ይታያል፤ እርሱም ስም ማውጣት ነው። ኋላ ቀርነትን በረጅም ንግግር ከመንቀፍ ይልቅ «ወደኋላ» ብሎ ስም ሰጥቶ ከአበሻ ጋር ማጋባት ይበቃል። ጋብቻን እንደ ክቡር ነገር የሚያይ ታዳሚ «ይህችንማ መፍታት ነው» የሚለውን ፍርድ ራሱ ይሰጣል።

ዲማ በልብ ወለድ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የአብነት ትምህርት ተምረዋል። በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ተዋግተው ተማረኩ፤ በጣሊያን አገር ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለዳቸው የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። የታሪኩ መነሻ ማንኩሳ፣ ዋናው መድረክም ደራሲው የተማሩባት ዲማ ጊዮርጊስ ናት።

ብዙ አንባቢ መጽሐፉን በበዛብህና በሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክነቱ ያስታውሰዋል። ነገር ግን መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የስላቅ መጽሐፍም ነው። ደራሲው የተጠቀሙባቸውን መንገዶች ለይቶ ማየት ስላቅ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል።

አንደኛው መንገድ ባለታሪኩ ራሱን እንዲያጋልጥ መፍቀድ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኮሩ ባለርስት ናቸው። ለልጃቸው የሚመጥን አጥንት ያለው ባል አጥተው የመጣውን ሁሉ ሲመልሱ፣ ልጅቱ የማግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል። ደራሲው «ዘር ቆጠራ ከንቱ ነው» ብለው አይሰብኩም። ፊታውራሪው እንዲናገሩ፣ እንዲፎክሩ፣ እንዲቆጡ ያደርጋሉ። አንባቢ እየሳቀ ፍርዱን ይሰጣል።

ሁለተኛው ማገላበጥ ነው። በታሪኩ ውስጥ የማኅበረሰቡን ልማድ መርምሮ እውነቱን የሚናገረው ካሳ ዳምጤ «ጉዱ ካሳ» ተብሎ እንደ ዕብድ ይታያል። ጤነኛ የሚባሉት ደግሞ የማይረባውን ልማድ አክብረው ይኖራሉ። ይህ አሰላለፍ አንባቢውን «ታዲያ ዕብዱ ማን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። በዕብድ አፍ የተነገረ እውነትም ከለላ አለው፤ የተነካው ሹም «ዕብድ ነው» ብሎ ከማለፍ በቀር የሚያደርገው የለም። ደራሲው ከዓመታት በኋላ በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ «ወንጀለኛው ዳኛ» የሚል ርእስ መያዙ ይህንኑ የማገላበጥ ስልት ያስታውሳል።

ሦስተኛው የጉራንና የእውነታን ርቀት ማሳየት ነው። ፊታውራሪው ከተለመደው በላይ በገበሬው ላይ ሲጭኑ ገበሬው አሻፈረኝ ይላል። እኒያ ሲፎክሩ የኖሩት ሰው ሊቀጡት ወጥተው በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች እጅ ይወድቃሉ። አንባቢ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከባድ ጥያቄ አለበት፦ ይህ ሁሉ ሥልጣን የቆመው በምን ላይ ነበር?

ስላቁ ወደ ሹማምንቱ ብቻ እንዳልተወረወረም ልብ ማለት ይገባል። ልጅን ሳያማክሩ መዳር፣ ሙያን መናቅ፣ ልጅን በስለት አስሮ ዕድሜውን መወሰን የመላው ማኅበረሰብ ልማዶች ነበሩ። የበዛብህ ወላጆች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጃቸውን ይወዱታል፤ ነገር ግን ስለታቸው ልጁን ይጎዳዋል። ጥሩ ስላቅ ሳቂውንም ሳይነካ አያልፍም።

ከ1958 እስከ 1960

መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመት ውስጥ በቢቸናና በሞጣ የሆነው ነገር ልብ ወለዱን ከታሪክ ጋር ያገናኘዋል። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ መንግሥት አዲስ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አወጀ። ግብሩ የሚተመነው በገማቾች ግምት በመሆኑ ገማቾች ወደ ገጠር መውጣት ነበረባቸው። የጎጃም ገበሬ ቀደም ሲልም በመሬት ግብር ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ ያውቃል። አሁንም «ማሳዬ ተለክቶ፣ ምርቴ ተገምቶ፣ ነገ ርስቴን አጣለሁ» የሚል ስጋት አደረበት። በገማቾችና በአካባቢ ሹማምንት ላይ የነበረው ቅሬታም ተደመረበት። ገማቾቹ ተመለሱ፤ ገበሬው ጠመንጃውን አነሣ። ሞጣና ቢቸና የዐመፁ ዋነኛ ማእከላት ከሆኑት አውራጃዎች መካከል ነበሩ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤትና ንብረት ተቃጠለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ግብሩም በታቀደው መንገድ ሳይሰበሰብ ቀረ።

እነዚያ ገበሬዎች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብበው አልተነሡም። በዚያ ዘመን አብዛኛው የገጠር ሰው ማንበብ አይችልም ነበር። ግንኙነቱ በሌላ በኩል ነው። ደራሲው በዲማ ደጃፎች ቁራሽ እየለመኑ ያደመጡትን ምሬት በታሪክ መልክ አስፍረው፣ በሳቅ ለውሰው፣ ማንበብ ለሚችለው ለከተማው ሰውና ለባለሥልጣኑ አቅርበውት ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬው ልኩን ያለፈ ጭነት ሲበዛበት ምን እንደሚያደርግ ተጽፏል። ማስጠንቀቂያው በአገሪቱ ቋንቋ፣ በታወቀ ሰው ብዕር፣ በአዲስ አበባ ታትሞ ወጥቷል። አንባቢው ግን የፍቅሩን ታሪክ ይዞ የገበሬውን ነገር እንደ ጨዋታ አለፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ነገር በጥይት ድምፅ ተነገረ።

የስላቅ ዋጋ

በጎጃም ምድር የስላቅን ዋጋ በራሳቸው ሕይወት የከፈሉም አሉ። በአቸፈር የተወለዱት አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ በማሕፀን ያለ ጽንስ ድህነትና ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። ሐሳቡ ሊሆን የማይችል ነው፤ የሚያቀርበው ክርክር ግን ለማንም የሚገባ ነው። መጽሐፉ ለጥቂት ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ታገደ፤ ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር ጎሬ ተግዘዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተሙት «ኦሮማይ» የመንግሥትን የዘመቻ ሽርጉድና የባለሥልጣናቱን ገመና በማሳየቱ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደወጡ አልተመለሱም።

ይሁንና የታገደው ሁሉ አልጠፋም። «አልወለድም» ዛሬም ስሙ ይነሣል፤ «ኦሮማይ» በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነብቧል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ጭምር ደርሷል። በመጽሐፍ የወጣው የዲማ ምሬት በሬዲዮ ተመልሶ ዲማ ገባ። የፊታውራሪ መሸሻ ፉከራ በገጠር ቤቶች ምድጃ ዙሪያ ሳቅ ሆነ። የመጽሐፉ ታሪክ በሚጀምርባት በማንኩሳ የተወለደው በዕውቀቱ ሥዩምም ዛሬ ይህን የስላቅ ውርስ በግጥምና በወግ ከሚያስቀጥሉት መካከል በስፋት የሚነበብ ጸሐፊ ነው።

ስድብ ሲበዛ

በአሁኑ ጊዜ ሐሳብን ለብዙ ሰው ማድረስ ማተሚያ ቤትም ሆነ መሰንቆ አይጠይቅም፤ በእጅ ስልክ ይበቃል። የተናጋሪው ቁጥር ሲበዛ ግን ስላቁ በዚያው ልክ አልበዛም። «ስላቅ» እየተባለ የሚቀርበው ብዙው ነገር የሰውን ወገን፣ መልክ፣ አነጋገር ወይም እምነት የሚያዋርድ ስድብ ነው። ሁለቱን ለመለየት ከላይ ካየናቸው ሥራዎች ሦስት ቀላል ጥያቄዎች ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው «የሚነቀፈው ሰውየው ሊያርመው የሚችለው ነገር ነውን?» የሚል ነው። ጉቦ ይታረማል፤ የተወለዱበት ቦታ አይታረምም። ሁለተኛው «ተናጋሪው የሚናገርበትን ነገር ያውቀዋልን?» የሚል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የዲማን ደጃፎች ስለሚያውቁ ስላቃቸው ዒላማውን አልሳተም። ሦስተኛው «ደካማውን ነው ወይስ ጉልበተኛውን ነው የሚነካው?» የሚል ነው። በተራበ ሰው መሳቅ ቀድሞውኑ ወድቆ ያለን መርገጥ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ስላቅ በገጠራችን የሚሆን ጉዳይ አልጠፋም። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የተዘጋጀች ልጅ፣ የዓመት ምርትን በአንድ ቀን የሚጨርስ ድግስ፣ ሁለት ክንድ በማትሞላ ድንበር ለዓመታት የሚንከራተት ሙግት፣ በግብዓት ስርጭት መካከል የሚገባ ደላላ ሁሉም ጸሐፊ ይጠብቃሉ። እነዚህን ነገሮች በመመሪያና በስብሰባ ብቻ ማስቀረት እንዳልተቻለ ዓመታት አሳይተዋል። ሰው በአደባባይ ከተገሠጸበት ጥፋት ይልቅ በሳቅ መካከል ራሱን ካየበት ጥፋት የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰሚውም ድርሻ አለው። በግብርና ኮሌጅ ከሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ የሰብልን ምልክት ማንበብ ነው። አፈሩ የናይትሮጅን እጥረት ሲኖርበት በመጀመሪያ ቢጫ የሚሆኑት የታችኞቹ ቅጠሎች ናቸው። ላይኛው ቅጠል ገና አረንጓዴ ስለሆነ ከሩቅ የሚያይ ሰው ማሳውን ጤነኛ ይለዋል። ጎንበስ ብሎ የሚያይ ገበሬ ግን በጊዜ ደርሶ ሰብሉን ያድነዋል። ቢጫውን ቅጠል እየቀነጠበ የሚጥል ሰው ምልክቱን አጠፋ እንጂ አፈሩን አላከመም።

ስላቅም ከታች የሚታይ ምልክት ነው። ከስብሰባ በኋላ በመንገድ ላይ የሚሰማው ሳቅ፣ በደቦ ላይ የሚወርደው ስንኝ፣ በመጽሐፍ ውስጥ የሚፎክረው ፊታውራሪ ሁሉ በአፈሩ ውስጥ ስለጎደለው ነገር ይናገራሉ። በ1958 ዓ.ም. ከዲማ የተላከውን ምልክት ጎንበስ ብሎ ያየ ጥቂት ነበር። ዛሬም ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ዳር አሽሙር ይነገራል፤ ሰውም ይስቃል። ኃላፊነት ያለበት ሰው ያን ሳቅ ሲሰማ «ማን ነው የሳቀው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ምን ቢጎድል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ማሳው በጊዜ ይታከማል።